ፓሊዲፔኒስና ኢሚኮላ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

እህቴ፣ ስለ ፈረስ በሽታ አስተላላፊ ትንኞች ስታነቢ የድሮው ጽሑፍ ኩሊኮይደስ ፓሊዲፔኒስ፣ አዲሱ ኩሊኮይደስ ኢሚኮላ እያለ ግራ አጋብቶሻል። ሠንጠረዥሽ ላይ አንድ ረድፍ ልስጣቸው ወይስ ሁለት ነው ጥያቄሽ። ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የገላጩ ሰው ስም አንዴ በቅንፍ፣ አንዴ ያለ ቅንፍ መጻፉንም አንስተሻል።

አንድ ረድፍ ስጫቸው። ግን ማስታወሻ ጨምሪበት።

ኢሚኮላን እ.ኤ.አ. በ1913 ከኬንያ በመጣ ናሙና የገለጸው ኪፈር ነው። ሰውዬው የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ቅዳሴውንና ትንኙን እንዴት እንዳስታረቀ እሱ ያውቃል። በ1920 ደግሞ ካርተር፣ ኢንግራምና ማክፊ ፓሊዲፔኒስ የሚል ስም አወጡ። ኋላ ሲመረመር ያው ትንኝ ሆኖ ተገኘ። በእንስሳት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል፤ ስለዚህ ኢሚኮላ ገዛ። ዱ ቶይት በ1944 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብሉታንግ የተባለውን የበግና የከብት በሽታ በፓሊዲፔኒስ አስተላለፍኩ ብሎ የጻፈውን ኢሚኮላ ብለሽ አንብቢው።

ማስታወሻው ለምንድነው? በ1989 ማይስዊንክል ከኢሚኮላ ጋር በጣም የሚመሳሰል ቦሊቲኖስ የተባለ ዝርያ ለይቶ ገለጸ። ከዚያ በፊት «ኢሚኮላ» ተብሎ የተቆጠረው ውስጥ ቦሊቲኖስ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ዝም ብለሽ አትደምሪ። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የኢሚኮላ እጭ የሚያድገው ፍግ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ የቦሊቲኖስ ግን እዚያው የከብትና የጎሽ እበት ውስጥ። በረቱ አጠገብ ያቆረውን ውኃ ብታደርቂ አንደኛውን ትጎጂያለሽ፣ ሌላው ግን ግድም አይሰጠው።

የመብራት ወጥመድ የያዘውን ከአልኮሉ ጋር ሳህን ላይ አፍስሼ ማይክሮስኮፕ ስር ስለይ፣ መጀመሪያ የማየው ክንፍ ነው። በፊት ጠርዙ ላይ ያሉት ፈዛዛና ጠቆር ያሉ ነጥቦች ብዙ ይናገራሉ። ክንፉ ከደበዘዘ ግን እነዚህን ሁለቱን በዚያ ብቻ አልለይም። ስላይድ ካልሠራሁ ወይም ዲኤንኤ ካልታየ «የኢሚኮላ ቡድን» ብዬ እመዘግባለሁ። አንዳንዱ ይህን ስንፍና ይለዋል፤ እኔ ግን ከመገመት ይሻላል ባይ ነኝ።

ቅንፉ ቀላል ነው። ዝርያው መጀመሪያ በሌላ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የያዘ ምድብ) ስር ተገልጾ ኋላ ከተዛወረ የገላጩ ስም ቅንፍ ውስጥ ይገባል። ማይገን በ1818 ኦብሶሌተስን ሲገልጽ ሴራቶፖጎን ውስጥ ነበር የከተተው፤ ዛሬ ኩሊኮይደስ ኦብሶሌተስ (ማይገን፣ 1818) ይባላል። ኢሚኮላ ግን ከመነሻው ኩሊኮይደስ ነው። ሠንጠረዥሽ ላይ ያለ ቅንፍ «ኪፈር፣ 1913» ብለሽ ጻፊ።