ዝይ ለማንሳት የት ልሂድ ላልሽው

እህቴ፣ «በጥር ለሁለት ቀን ባሕር ዳር ነኝ፤ ዝይ በካሜራ ለማንሳት የት ልሂድ? ስንት ሰዓት?» ብለሻል። ወሩን አውቀሽበታል። በክረምት ቢሆን ውኃው በየሜዳው ስለሚተኛ ወፉም ይበተንብሽ ነበር። በበጋ ግን ጣና ወደ ኋላ ይሸሻል። የለቀቀውን መሬት እኛ ባሕር ሽሽ እንለዋለን። ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ዝዩም የሚውለው እዚያው ነው። ስለዚህ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብለሽ ሐይቁን አትጠብቂ፤ ፔሊካን ብቻ አንስተሽ ትመለሻለሽ።

አንዱን ቀን ለፎገራ ስጪው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች እዚያ ናቸው። ወረታ ብታድሪ ይሻላል፤ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በሌሊት መንዳት አልመክርም። የመንገዱን ሁኔታም ቀድመሽ ጠይቂ። ሌላውን ቀን ለከተማው ቅርብ ወደሆነው የጭምባ ረግረግ ሂጂ። በጥር ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎችም ይገኛሉ።

በሰዓቱ አልደራደርም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቦታው ላይ ሁኚ። 3 ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ቢኖርሽ ፎቶው ይፈዛል።

አቀራረቡን የተማርኩት ተሸውጄ ነው። አንድ ጠዋት ጭቃ ላይ በደረቴ እየተሳብኩ አርባ ደቂቃ ፈጀሁ። ገና ካሜራውን ሳነሳ ሁሉም ብር! ትንሽ ቆይቶ አንድ እረኛ ልጅ እያፏጨ ከብቶቹን በዚያው ነዳቸው። ተመልሰው ያረፉት ዝዮች አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩትና ግጦሻቸውን ቀጠሉ። ለካስ ሰው አይደለም የሚያስፈራቸው፣ የሚያደባ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ እረኞቹን ሰላም ብዬ ከከብቶቹ ጎን ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ።

ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ፣ ኩል የተኳለ የሚመስለው የግብፅ ዝይ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ፊቱ የቀላው ግዙፉ ደግሞ ክንፉ መታጠፊያ ላይ እሾህ አለው። ብርቅዬውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከፈለግሽ ግን ጣና ዳር አትልፊ፤ እሱ የደጋ ነው፣ ባሌ ተራሮች ሂጂ።

አባይ መውጫው አካባቢ በጠዋት ከዞርሽ ጉማሬ ከግጦሽ የሚመለስበት ሰዓት ነው። በእሱና በውኃው መካከል እንዳትቆሚ።