አልላቀቅ ያለ የመሪ ቴስቲኒ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረተች ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። መሪዋ ስለሚንገጫገጭ የግራውን ቴስቲኒ (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ለመቀየር ዳዶውን ፈታሁት፤ ቴስቲኒው ግን ከጎማው ክንድ ሊወጣልኝ አልቻለም። የቡሎኑን ጫፍ በመዶሻ ደጋግሜ ብመታውም አልተነቃነቀም። ጎረቤቴ በጋዝ ብየዳ እሳት እንዲሞቅ ይመክረኛል። ምን ትላላችሁ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ በቅድሚያ የቡሎኑን ጫፍ መምታቱን ያቁሙ። የቴስቲኒው ቡሎን ከጥርሱ ወደ ኳሱ እየወፈረ የሚሄድ ሾጣጣ ሲሆን፣ የሚገባበት የክንዱ ቀዳዳም በዚያው ልክ ሾጣጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑን ወደ ቀዳዳው ስቦ ያጣብቀዋል፤ ሾጣጣነቱ አነስተኛ በመሆኑ ዳዶው ከወጣ በኋላም ሁለቱ ብረቶች በሰበቃ ብቻ ተያይዘው ይቀራሉ፣ የዓመታት ዝገት ደግሞ ይብስ ያጠብቃቸዋል። ጫፉን ሲመቱ ኃይሉ ጥርሱን ያበላሻል፤ የተረፈውም ክንዱ በሞላ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ እዚያው ይባክናል።

መመታት ያለበት ቀዳዳውን የከበበው የክንዱ ጎን ነው። ጎኑ በኃይል ሲመታ ቀዳዳው ለቅጽበት ሞላላ ይሆንና ቡሎኑን ይለቃል። መኪናዋን በክሪክ አንስተው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፏት፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር መዶሻ ማንሳት በነፍስ መቀለድ ነው። ዳዶውን መልሰው ከቡሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ያስገቡት፤ ጥርሱን ከጉዳት ይጠብቃል፣ ቴስቲኒው በድንገት ሲላቀቅም እንዳይወረወር ይይዘዋል። ከዚያም በክንዱ በአንደኛው ጎን ከባድ መዶሻ ደግፈው ይዘው፣ በትይዩው ጎን በሌላ መዶሻ ጠንከር አድርገው ይምቱ። የዓይን መከላከያ መነፅር አይርሱ።

ፑለር (ቡሎኑን በዊት እየገፋ ከቀዳዳው የሚያወጣ መሣሪያ) ቢዋሱ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። ፑለሩ ተወጥሮም እምቢ ካለ፣ ዊቱን ይበልጥ ከማጥበቅ ይልቅ እንደተወጠረ የክንዱን ጎን ይምቱት፤ ብዙውን ጊዜ እንደ ጥይት ጮኾ ይላቀቃል። ሹካ መሳዩን ሽብልቅ እኔ እምብዛም አልወደውም፣ ምክንያቱም የአቧራ መከላከያ ላስቲኩን ይቀዳል፤ የእርስዎ ቴስቲኒ የሚጣል ስለሆነ ግን ሌላ ከጠፋ ቢጠቀሙበት ጉዳት የለውም። ዝገት አሟሚ ዘይት አዳሩን ቢረጩ ለጥርሱ ይረዳል፤ ተጣብቆ ወደ ተዘጋው ሾጣጣ ግን ብዙም አይዘልቅም።

የጎረቤትዎን ምክር አልደግፍም። በቴስቲኒው ውስጥ ግራሶ አለ፣ በአጠገቡ የፍሬን ጎማ ቱቦ ያልፋል፣ ክንዱም የመኪናዋን አቅጣጫ የሚወስን ስለሆነ ጥንካሬው በእሳት እንዲቀየር አይፈለግም።

ክንዱን ከመምታትዎ በፊት ግን በመሪው ዘንግ በኩል ያለውን መቆለፊያ ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል ያላሉት፣ ቴስቲኒው እንደተያዘ መፍታቱ ይቀላልና። የነበረበትንም ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ አሮጌውን ሲያወጡ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥረው አዲሱን በዚያው ልክ ያስገቡት።

አንዳንዴ የአዲሱን ዳዶ ሲያጠብቁ ቡሎኑ አብሮ ይዞራል። ያን ጊዜ የቴስቲኒውን ራስ ወደ ክንዱ ተጭነው ይያዙ፤ ሾጣጣው ሲነክስ መዞሩን ያቆማል። ሾጣጣውም ቀዳዳውም ከመግጠማቸው በፊት ንጹሕና ደረቅ መሆን አለባቸው፤ ግራሶ የሚቀባው የዘንጉ ጥርስ ብቻ ነው። ዳዶውን በኮሮላዋ 49 ኒውተን ሜትር ያህል ያጥብቁት፤ ዳዶው እንዳይላላ የሚሰካው የመቆለፊያ ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጥቂት ይጨምሩ እንጂ ፈጽሞ ወደኋላ አይመልሱት። የመቆለፊያ ሽቦውም አዲስ ይሁን።

ዙሩን በጥንቃቄ ቢቆጥሩም ልኬቱ ፍጹም ስለማይሆን፣ መኪናዋን በዚያው ሳምንት አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ያስደርጓት፤ አለበለዚያ አዳዲስ ጎማዎች እንኳ በአንድ ወገን በፍጥነት ይበላሉ።