የጠየቅከው ነጭ ነጠብጣብ የመጣው ከጠጠሩ ሳይሆን አይቀርም

ወንድሜ፣ በገንዳዋ ጠጠር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለምትቀበርና ሆዷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ስለወጣባት ኤሊህ ጠይቀሃል። ተቀብራ መዋሏ አያስደንግጥህ። ቅርፊታቸው ለስላሳ የሆኑ የውሃ ኤሊዎች ኑሯቸው እንደዚያ ነው። ነጭ ነጠብጣቡ ግን ቀላል ላይሆን ይችላል።

1. ጠጠሩን ዛሬውኑ አውጣው። የእሷ ቅርፊት እንደ ሌሎቹ ኤሊዎች ጠንካራ ልባስ የለውም፤ አጥንቱን የሸፈነው ቆዳ ነው፣ ዳር ዳሩማ አጥንትም ስለሌለው እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ስትቀበር ሰውነቷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ነው የምትሰምጠው፤ ጠጠሩ በየጊዜው ሆዷን ይፍቃታል። ጭረቱ ለዓይን ባይታይም ባክቴሪያና ፈንገስ መግቢያ ያገኛሉ። ሻጮች "ጠጠር ለማጽዳት ይመቻል" የሚሉት የሚመቸው ለእነሱ ስለሆነ ነው! በጣትህ ስታሸው የማይቧጥጥ ደቃቅ አሸዋ አምጣ፣ ውሃው እስኪጠራ እጠበው፣ መላ አካሏን እስኪሸፍን ድረስ አንጥፍ።

2. የውሃውን ጥልቀት በአንገቷ ለካ። ተቀብራ አንገቷን ስትዘረጋ ያ እንደ ቱቦ የሾለ አፍንጫዋ ከውሃው በላይ ብቅ የሚልበት አንድ ጥግ ያስፈልጋታል። በቆዳዋና በጉሮሮዋም ከውሃው ኦክስጅን ስለምትወስድ ሳትወጣ ብዙ ትቆያለች፤ "ሞተች" ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው የሚነከሰውም ለዚህ ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። አሞንያ (ከእዳሪዋና ከምግብ ትራፊ ወደ ውሃው የሚገባ መርዝ) ሲለካ ዜሮ ካልሆነ አሸዋ መቀየሩ ብቻውን አያድናትም፣ የተጎዳ ቆዳ በቆሸሸ ውሃ አይሽርም።

3. ከእኔ በፊት መልስ ሰጥቶ "ለቀናት በደረቅ አቆያት" ብሎ የመከረህን አትስማው። ያ ምክር የጠንካራ ቅርፊት ኤሊ ነው፤ የእሷ ቆዳ ውሃ ቶሎ ስለሚያጣ ከቁስሉ በፊት ድርቀቱ ይጎዳታል። ለመሞቂያ ለስላሳ እንጨት አድርግላት፣ ሻካራ ድንጋይ ከሆነ ግን ያው ጠጠሩ ተመለሰ ማለት ነው። ደግሞ ነጩ ነገር እንደ ስስ ላስቲክ እየተላጠ የሚንሳፈፍ ከሆነ ቆዳ እየቀየረች ነው፣ ተዋት። ተጣብቆ የቀረ፣ ጥጥ የመሰለ ወይም ሥሩ የቀላ ከሆነ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ይያት፤ የሰው ቅባት እንዳትቀባት።

ወደ ሐኪም ስትወስዳት በእጅህ አትያዛት። አንገቷ ወደ ኋላ ታጥፎ ጎኗን ይዞ ያለን ጣት ይደርስበታል። ሳፋውን ከሥሯ አስገብተህ ከነውሃዋ አውጣት።