ሁለተኛውን ጊታር ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ጥር ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩ ላይ የሦስት ጊታሮችን ፎቶ ይዞ ወደ ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ ከነዚህ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ጊታር አለው፤ ሁለት ዓመት ተጫውቶበታል፤ አሁን ደግሞ እንደ እኔ መሰብሰብ ያምረዋል። ሦስቱም ለዓይን የሚማርኩ ነበሩ። እኔ ግን «ያለህ ጊታር ምን ጎደለው?» ብዬ መልሼ ስጠይቀው ዝም አለ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ዝምታ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሱቅ ስትገቡ መልሱን ሳታገኙ የምትገቡ ይመስለኛልና።

በቴክኒክ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጊታርና ዩኩሌሌ (ጊታር የሚመስለውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ) መሰብሰብ ከጀመርኩ 35 ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬ ቤቴ ውስጥ 9 ጊታርና 4 ዩኩሌሌ አሉ። ከዚህ የበዙበት ጊዜ ነበር። የቀነስኳቸው ግን ሁለት መሣሪያዎች ተመሳሳይ ድምፅ ሲሰጡ አንደኛው ሳይነካ ሳጥኑ ውስጥ እንደሚያረጅ በጊዜ ብዛት ስለተረዳሁ ነው። ስለዚህ ወደ ቤቴ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ፣ ያሉት የማይሰጡኝን አንድ ነገር የሚሰጠኝ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ደግሞ በመጀመሪያ የያዝኩትን እስከ መጨረሻው መጫወትና ማወቅ ይኖርብኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለባችሁ የናይለን ክር ያለውን ክላሲካል ጊታርና የብረት ክር ያለውን ቦክስ ጊታር ነው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የብረት ክሮች በትክክለኛው ድምፅ ሲቃኙ ስድስቱ በአንድነት ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሚሆን ኃይል ይጎትታሉ፤ የናይለኖቹ ግን 40 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የክላሲካሉ ጊታር ሆድ፣ ማለትም የፊቱ ሳንቃ፣ ቀጭንና ከውስጥ በስሱ የተደገፈ በመሆኑ ያን ያህል ጭነት አይችልም። እኔ ይህን የተማርኩት በጣም በምወደው ጊታር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የናይለን ክር ባጣሁ ጊዜ የብረት ክር ገዝቼ ገጠምኩበት፤ ድምፁ ደመቀልኝ፤ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ እንደ ዱላ ምት ያለ ድምፅ ሰምቼ ስነሣ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት፣ በክራር የብርኩማን ቦታ የሚይዘው እንጨት፣ የሆዱን እንጨት ስንጣሪ ይዞ ተነቅሎ አገኘሁት። በኮላና በሞርሳ መልሼ አጣበቅኩት፤ ሆዱ ግን አብጦ ቀረ፤ የቀድሞ ድምፁም አልተመለሰም። በአገራችን ወደ እኔ ለጥገና ከሚመጡት ክላሲካል ጊታሮች ብዙዎቹ ይኸው ጉዳት የደረሰባቸው ናቸውና፣ ሻጩ «ሁለቱንም ክር ይችላል» ቢላችሁ አትመኑት።

ወደ ልጁ ልመለስ። በማግስቱ አብረን ሱቅ ሄድን፤ ፎቶውን ካነሣቸው ጊታሮች አንዱን አውርደን መረመርነው። ሻጩን ይቅርታ ጠይቄ ጊታሩን እንደ ጣውላ ጫፉን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ በአንገቱ ላይ ወደ ታች ተመለከትኩ። አናጢ የሳንቃን መጣመም የሚያየው እንዲህ ነው። አንገቱ በመጠኑ ወደ ፊት ጎበጥ ማለቱ ጤናማ ነው፤ ወደ ጎን ከተጠመዘዘ ግን መድኃኒት የለውም። ቀጥሎ በ12ኛው ፍሬት (ፍሬት የሚባሉት በአንገቱ ላይ በአግድም የተገጠሙት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው) ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በትንሽ ማስመሪያ ለካን፤ ለቦክስ ጊታር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለክላሲካል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። የዚያኛው ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ብዙ ጀማሪዎች «ጣቴ ለጊታር አልተፈጠረም» ብለው የሚተዉት በዚህች በሁለት ሚሊ ሜትር ምክንያት መሆኑን ስታዘብ ኖሬአለሁና፣ ማስመሪያ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ ስላችሁ አደራ ጭምር ነው።

12ኛው ፍሬት ሌላም ነገር ይነግራችኋል። የክሩ ርዝመት እኩሌታ ላይ ስለሚገኝ፣ ክሩን እዚያው በጣት ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ስትመቱ የሚወጣው ቀጭን ድምፅና ፍሬቱን ተጭናችሁ ስትመቱ የሚወጣው ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው። ከተለያዩ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢቃኝ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ድምፁ እየሸፈተ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ እየተጫናችሁ የሚንጫረር ካለ አዳምጡ፤ አንድ ወረቀት ወስዳችሁም ጠርዙን በብሪጁ ሥር ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ኮላው መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚቸኩል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ስለ እንጨቱ ስጽፍ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ብቆይ ይቅር በሉኝ። የጊታርን ድምፅ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የፊቱ ሳንቃ ነው። በስፔን አልሜሪያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1817 የተወለደውና ዛሬ የምናውቀውን የክላሲካል ጊታር መጠን፣ 65 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የክር ርዝመት ጨምሮ፣ መልክ ያስያዘው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ፣ ይህንኑ ለማሳየት በ1862 ጎኑንና ጀርባውን ከካርቶን፣ ፊቱን ግን ከጥሩ እንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠርቶ ነበር። ዛሬም በባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ሻጮች ስለ ጀርባው እንጨት ውበት ሲነግሯችሁ እናንተ ፊቱን ተመልከቱ። የድምፁን ቀዳዳ ጠርዝ በስልካችሁ መብራት ብታዩት፣ የላዩ የእንጨት መስመር እስከ ውስጥ ድረስ ከዘለቀ ሳንቃው ወጥ ነው፤ ንብርብር ሆኖ ከታያችሁ ኮምፔንሳቶ ነው። ወጡ እንጨት እያደር ድምፁ ይበስላል፤ ነገር ግን ለድርቀት ስስ ነው። ስለዚህ ገና ለሚጀምርና መሣሪያውን ክፍሉ ውስጥ ተከፍቶ ለሚተው ሰው፣ በደንብ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ከርካሽ ወጥ እንጨት ይሻለዋል የሚል እምነት አለኝ። በዚህ የማይስማሙኝ ሰብሳቢ ወዳጆች አሉኝ፤ ነገር ግን የተሰነጠቁትን ጊታሮች የሚያመጡት ወደ እኔ ነው።

የሚሰነጥቃቸው አየሩ ነው። ጊታር ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው የአየር እርጥበት ውስጥ ቢኖር ይመርጣል። አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ ሲያልፍ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ቀን ላይ አየሩ ከዚህ በብዙ ይወርዳል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ውጭው ወበቅ ቢሆንም ቤት ውስጥ ኤሲው ያደርቀዋል። እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የፍሬቶቹ ብረት ግን ስለማይሰበሰብ ጫፉ ከአንገቱ ጎን ወጥቶ እጃችሁን ይቧጭራል። ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በዚያን ጊዜ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ የተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሆኖ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ትንሽ የእርጥበት መለኪያም ግዙለት። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ሲያመጣላችሁ ሳጥኑ እንደ ደረሰ አትክፈቱት፤ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ የቤቱን አየር ይልመድ።

አሁን ስለ ዩኩሌሌ። እንደ ልጆች መጫወቻ የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ እኔም እንደዚያ አይ ነበር። ታሪኩ ግን የአናጢዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቱጋሏ የማዴይራ ደሴት ሠራተኞችን ጭና ሃዋይ ሆኖሉሉ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ማኑዌል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ እስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ ሦስት የእንጨት ሠራተኞች ነበሩ፤ ማሼቴ የተባለውን የአገራቸውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ኮአ በሚባለው የሃዋይ እንጨት እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ንጉሥ ካላካዋ ስለወደደው በቤተ መንግሥት ግብዣዎች ላይ ይሰማ ጀመር፤ በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ ከተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን በኋላም አሜሪካ ውስጥ ተስፋፋ።

እኔን ያሸነፈኝ ግን ታሪኩ ሳይሆን ቅኝቱ ነው። የዩኩሌሌ አራት ክሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አንድም ፍሬት ሳትጫኑ ባዶ ክሮቹን አንድ በአንድ ብትነኩ ከአምስቱ አራቱ እጃችሁ ላይ ናቸው፤ የቀረችው ሬ በዶ ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተቀምጣለች። ይህን ያወቅሁት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስነካካ ነው፤ ክራር የሰማሁ መስሎኝ ጣቴን አቆምኩ። ጣት አወጣጡን ከክራር ደርዳሪ ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ሁለተኛ መሣሪያ አላውቅለትም። መጠኑን በተመለከተ ትንሹ ሶፕራኖ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የክር ርዝመት ስላለው ወፍራም ጣት ላለው ይጠብበታል፤ ኮንሰርት የሚባለው 38፣ ቴኖሩ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ባሪቶኑ ግን እንደ ጊታር አራት ቀጫጭን ክሮች ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብሎ ስለሚቃኝ፣ ጊታር ያለው ሰው አዲስ ነገር ፈልጎ ከሆነ እሱን መግዛቱ ብዙም አይጨምርለትም።

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ብዙ አልልም፤ አንድ ጥሩ አምፕሊፋየር ከሦስት ጊታር እንደሚበልጥ ብቻ እወቁ። የድሮ መሣሪያ የምትገዙ ደግሞ ስለ ብራዚል ሮዝውድ ጠይቁ፤ ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ በጥብቅ የተገደበ ስለሆነ፣ ከእርሱ የተሠራ ጊታር ያለ ሕጋዊ ወረቀት ድንበር ሲያቋርጥ ሊወረስ ይችላል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ በአንድ ደብተር ላይ ተከታታይ ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ፣ የክሩን ውፍረት፣ ክሩ የተቀየረበትን ቀን ጻፉ። እኔ በዚያው ገጽ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር አለኝ፤ «ለምን ገዛሁት?» የሚል። ይህን መስመር መሙላት ሲያቅተኝ ገንዘቤን ይዤ እመለሳለሁ።

ልጁ ከሦስቱ አንዱንም አልገዛም። የያዘውን ጊታር ይዞ መጣና አብረን በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ አስተካክለን፣ በብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን አጥንት በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገን አዲስ ክር ገጠምንለት። አብራው የመጣችው ታናሽ እህቱ ሥራችንን ስትጠብቅ የኮንሰርቱን ዩኩሌሌ ከመደርደሪያ አንሥታ፣ ሬን ራሷ ፈልጋ አገኘች። ደብተሬ ላይ ከተራ ቁጥር 11 አጠገብ «በውሰት ወጥቷል» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ክሩን ለመቀየር በሚያዝያ ይዛው ትመጣለች።