ለቡና መረከቢያ አፕ አይከን ስትሠሪ ከትንሹ መጠን ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ጅማ ዙሪያ ለሚያገለግል የቡና መረከቢያ አፕ 28 አይከኖች እያዘጋጀሽ ነው። መዝጋቢው ማጠቢያ ጣቢያው ላይ በስልክ ይጠቀምበታል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ቢሮ ውስጥ በዴስክቶፕ። በ512 ፒክስል ስትስያቸው ያምራሉ፤ አፑ ውስጥ ሲገቡ ግን ይደበዝዛሉ፣ የአንድ ቤት ልጆችም አይመስሉም። በምን መጠን ልሥራ፣ ቀለሙንስ፣ ኤክስፖርቱንስ እንዴት ላድርግ ነው ያልሽው።

ሁለቱም ችግሮች የመጡት ከአንድ ቦታ ነው። 512ን ወደ 24 ስታወርጂ እያንዳንዱ ልኬት ለ21.33 ይካፈላል። 40 ፒክስል ውፍረት የነበረው መስመር 1.875 ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። ስክሪን የፒክስልን ግማሽ ብቻ ማብራት አይችልም፤ የተረፈችውን ክፍልፋይ በግራጫ ይሞላታል። ዙም አድርገሽ ብታዪ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ፈዘዝ ያለ ጥላ ታገኛለሽ። 28ቱ አይከኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሌላ ክፍልፋይ ላይ ስለሚያርፉ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በሚታዩበት መጠን ሳዪያቸው። አይከን የሚፈረድበት በትንሹ መጠኑ ነው፤ ትልቁ ከዚያ ይወጣል እንጂ ትንሹ ከትልቁ አይወጣም።

ከሥዕል ፕሮግራሞች ፊግማም ሆነ ኢንክስኬፕ ላይ (ኢንክስኬፕ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል) 24 በ24 ፍሬም ክፈቺ፣ የ1 ፒክስል ግሪድ አብሪ፣ ነጥቦች ግሪዱ ላይ እንዲጣበቁ አድርጊ። ከአራቱም ጎን 2 ፒክስል ባዶ ተዪ፤ ሥዕሉ በመሀል ባለው 20 በ20 ውስጥ ይኖራል። እዚያ ውስጥ አራት መነሻ ቅርጾች አሉሽ፦ ክብ ከሆነ ዲያሜትሩ 20፣ ካሬ ከሆነ 18 በ18፣ ቁመታም ከሆነ 16 በ20፣ ወደ ጎን የተዘረጋ ከሆነ 20 በ16። ማቴሪያል የተባለው የጉግል የዲዛይን መመሪያ የሚጠቀምባቸው ልኬቶች ናቸው። ካሬው ከክቡ ለምን አነሰ ካልሽ ስፋቱን አስዪው። 20 በ20 የሆነ ካሬ 400 ይሸፍናል፣ ዲያሜትሩ 20 የሆነ ክብ ግን 314 ያህል ብቻ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ካሬው ክቡን ይጫነዋል። 18 በ18 ካሬ 324 ስለሆነ ዓይን ሁለቱን እኩል አድርጎ ይቀበላቸዋል። የአንድ ቤት ልጅነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የመስመር ውፍረት 2፣ በሁለት ቅርጾች መካከል ያለ ክፍተትም ቢያንስ 2፣ የማዕዘን ክብነት 2 ይሁን። ያዘመመ መስመር ካስፈለገ 45 ዲግሪ ብቻ፤ 30ም 20ም ዲግሪ በትንሽ መጠን ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። የመስመሩ ጫፍ ክብ ወይም ቁርጥ መሆኑን አሁኑኑ ወስኚና በ28ቱም ላይ ጠብቂው። እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ከፋይሉ አናት ላይ ለጥፊ። ከወር በኋላ 29ኛውን ስትጨምሪ የምትፈልጊው እሱን ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር ልምጣ። የአንድሮይድ ስልኮች የስክሪን እፍጋት (በእኩል ቦታ ላይ የሚታጨቀው የፒክስል ብዛት) 1፣ 1.5፣ 2፣ 3 እና 4 እጥፍ ተብሎ ይመደባል። 2፣ 3 እና 4 እጥፍ ችግር የለባቸውም፤ ሙሉ ቁጥር በሙሉ ቁጥር ሲባዛ ሙሉ ነው። 1.5 ላይ ግን ጠርዙ 3 ላይ ያረፈ ቅርጽ 4.5 ላይ ይወድቅና ይደበዝዛል፤ 4 ላይ ያረፈው 6 ይሆናል፣ ጥርት ይላል። ስለዚህ በተቻለሽ መጠን ዋና ዋና ጠርዞችን ለ2 በሚካፈል ቁጥር ላይ አሳርፊ። የቢሮው ዊንዶውስ ኮምፒውተር 150 በመቶ ላይ ከተስተካከለም ሒሳቡ ያው ነው።

ጀበናውን ምሳሌ አድርገን በእነዚህ ቁጥሮች እንሥራው። ሆዱ ዲያሜትሩ 12 የሆነ ክብ ነው፣ ከግራ ከ4 እስከ 16፣ ከላይ ከ10 እስከ 22። አንገቱ 4 ስፋት ያለው ዓምድ፣ ከ8 እስከ 12፤ ከሆዱ ጋር እንዲዋሐድ ትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ። አፉ 8 በ2 የሆነ አግድም፣ ከ6 እስከ 14፣ ከላይ ከ2 እስከ 4። እጀታው ውፍረቱ 2 የሆነ መስመር ነው፦ ከአንገቱ በ7 ከፍታ ይነሳል፣ ወደ ቀኝ ሄዶ በ2 ክብነት ይታጠፋል፣ በ19 ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ እንደገና ታጥፎ በ17 ከፍታ ሆዱ ውስጥ ይገባል። መስመሩ 2 ስለሆነ መሀሉ 19 ላይ ሲያርፍ ጠርዞቹ 18 እና 20 ላይ ናቸው። ሆዱ 16 ላይ ያበቃል፣ እጀታው ከ18 ይጀምራል፣ መሀላቸው 2 ፒክስል አየር አለ። ይህ ክፍተት 1 ቢሆን በስልክ ስክሪን እጀታው ከሆዱ ጋር ተጣብቆ ጀበናው ዱባ ይመስላል። በጠቅላላው 16 በ20 ወጣ፤ ቁመታሙ መነሻ ቅርጽ ማለት ነው። የማፍሰሻ አፍንጫ አትጨምሪበት፤ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም፣ ያለ እሱም ጀበና መሆኑ ይታወቃል።

ለ16 ፒክስል ቱልባር (ዴስክቶፑ ላይ ላለው የመሣሪያ ረድፍ) ይህንኑ አታሳንሺው፤ 2 የነበረው መስመር 1.33 ይሆናል፣ ተመልሰን ድብዘዛው ውስጥ ገባን። ሌላ 16 በ16 ፍሬም ክፈቺና ዝርዝር እየቀነስሽ እንደገና ሳዪው፦ ሆድ 8፣ አንገት 2፣ አፍ 4 በ2፣ ክፍተት 2፣ እጀታ 2። ስፋቱ 12 ይሆናል። ዊንዶውስ 125 በመቶ ላይ ሲሆን 16ቱ 20 ይሆናል፣ 150 ላይ 24፣ 200 ላይ 32። ስለዚህ ለዴስክቶፕ 16፣ 20፣ 24 እና 32ን ለየብቻ አዘጋጂ። 32ቱ ከ16ቱ በእጥፍ ይወጣል፣ 24ቱ ከስልኩ ይወሰዳል፤ አዲስ ሥራ ያለው 16ቱና 20ው ላይ ብቻ ነው። ለ28ቱም አያስፈልግሽም፣ ቱልባር ላይ ለሚገቡት ብቻ።

የቡናው አይከኖች ናቸው እውነተኛው ፈተና። እሸት (ትኩስ ፍሬ)፣ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ፍሬ) እና የታጠበ ቡና በቀለም ብቻ እንዲለዩ ማድረግ አይሆንም። ቀይና አረንጓዴ የማይለይባቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ ለማንም አይለይም። ቅርጹ ይለያይ። እሸት፦ ዲያሜትራቸው 8 የሆኑ ሁለት ክቦች፣ አንድ ትንሽ ዘንግና አንድ ቅጠል። የታጠበ ቡና፦ ወደ 45 ዲግሪ ያዘመመ እንቁላል ቅርጽ፣ መሀሉ በ2 ፒክስል ክፍተት የተሰነጠቀ። በ24 ስንጥቁ ትንሽ ቢጠማዘዝ ያምራል፤ በ16 ግን ቀጥ ያለ ይሁን፣ ጥምዝምዙ ይጠፋል። ጀንፈልን እንዳለ ለመሳል አትድከሚ፤ የደረቀ ፍሬና እሸት ፍሬ በ24 ፒክስል አንድ ናቸው። የሚደርቅበትን አልጋ ሳዪው፦ 2 ውፍረት ያለው አግድም፣ ሁለት እግር፣ ከላዩ ሦስት ክብ ፍሬዎች። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሚዛኑን ባለ ሁለት ሰሃን የፍርድ ቤት ሚዛን አታድርጊው፤ ጆንያ የሚጫንበት መሬት ላይ የሚቀመጥ ሚዛን ይሁን። ኪሎ ወይስ ፈረሱላ (17 ኪሎ) የሚለው ከሥር በጽሑፍ ይገለጽ፤ 17 ኪሎን በሥዕል የሚናገር አይከን የለም።

ፊደል አይከኑ ውስጥ አታስገቢ። አንደኛ፣ የእኛ ፊደል እግሩና ክንዱ ብዙ ስለሆነ ከ12 ፒክስል በታች ከፍታ ሲወርድ ክፍተቶቹ ይደፈናሉ፤ «ብር» የሚለውን በ24 ውስጥ ሞክሪውና ታዪዋለሽ። ሁለተኛ፣ ጅማ ላይ የሚሠራ አፕ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መከፈት አለበት፤ ፊደል ያለበት አይከን ለአንዱ ሲሆን ለሌላው ይቀራል። ለክፍያ 20 በ12 የሆነ የገንዘብ ኖት፣ መሀሉ ላይ 4 ዲያሜትር ያለው ክብ ይበቃል። የቀን መቁጠሪያውም ላይ እንደዚሁ «31» የሚል ቁጥር የተጻፈበትን የውጭ አይከን አትውሰጂ፤ በእኛ ወር 31 የሚባል ቀን የለም። ባዶ ነጥቦች ያሉበት ይሁን። ከሁሉም አይከን ሥር ግን በተጠቃሚው ቋንቋ ስሙ ይጻፍ፤ የአፋን ኦሮሞው ቃል በላቲን ስለሚጻፍ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፣ ለሁለት መስመር ቦታ አስቀድመሽ ተዪለት።

ባዶ መስመር ወይስ የተሞላ ቅርጽ ለሚለው፣ ለእናንተ ሥራ የተሞላው ይሻላል እላለሁ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀጭን መስመር ቀድሞ ነው የሚጠፋው። ከታች ባለው የምርጫ ረድፍ ላይ ብቻ ያልተመረጠው በመስመር፣ የተመረጠው በሙሌት ይሁን።

ቀለም ላይ ቆጥቢ። ሁሉንም በአንድ ጥቁር ሳዪና ቀለሙን ኮዱ ይስጠው፤ ከዚያ ጨለማ ገጽታ ሲመጣ ሌላ 28 ፋይል አያስፈልግሽም። አይከኑ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 3 ለ1 ንጽጽር ይኑረው፣ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው የሚለው ዝቅተኛ ልክ ይህ ነው። ንጹሕ ቢጫ ነጭ ላይ 1.07 ለ1 ብቻ ነው፣ የለም ማለት ይቀላል። ጥላ፣ ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚቀያየር ቀለም)፣ ነጸብራቅ አይግቡ።

ቤት፣ ፍለጋ፣ ማስተካከያ፣ ማተሚያ የመሳሰሉትን ራስሽ አትሳያቸው። ማቴሪያል ሲምቦልስ የተባለው የጉግል ስብስብ በአፓቼ 2.0 ፈቃድ ነጻ ነው፣ የተሞላም ያልተሞላም አለው፣ ከላይ የሰጠሁሽ ልኬቶችም ከእሱ ጋር ይገጥማሉ። ጊዜሽን በቡናዎቹ ላይ አውዪ። ሌላ ስብስብ ከመረጥሽ፣ ለምሳሌ ፌዘርን፣ የእሱ መስመር 2 ሆኖ ጫፉ ክብ ነው፤ የአንቺዎቹም ክብ መሆን ይኖርባቸዋል። ከሁለት ስብስብ ቀላቅሎ መውሰድ ግን አይሆንም፣ ወዲያው ያስታውቃል።

ወደ ኤክስፖርቱ እንምጣ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሥዕሉን ብቻ መርጠሽ ካወጣሽ ፕሮግራሙ ዙሪያውን ይቆርጠዋል፤ ጀበናው 16 በ20 ሆኖ ይወጣና አፑ ወደ 24 ሲለጥጠው ከሌሎቹ ገዝፎ ይታያል። ምንጊዜም የሚወጣው ፍሬሙ ነው፣ ባዶው 2 ፒክስል ጭምር። ከማውጣትሽ በፊት መስመሮቹን ወደ ቅርጽ ለውጪና አዋሕጃቸው፣ ነገር ግን መስመር የሆነውን ዋና ቅጂ በሌላ ገጽ አስቀምጪ፤ ከተለወጠ በኋላ ውፍረት ማስተካከል አይቻልም። ኤስቪጂው (የምታወጪው የቬክተር ፋይል) ውስጥ ጽሑፍ፣ ብዥታና ጥላ ካለ፣ አፑ የሚሠራበት ፕሮግራም አንድሮይድ ስቱዲዮ ወደ ቬክተር ድሮዌብል (የአንድሮይድ የራሱ የቬክተር ሥዕል) ሲለውጠው ይጥላቸዋል። የጀበናው እጀታ ክፍተት ተደፍኖ ጥቁር ሆኖ ከመጣ ደግሞ ምክንያቱ የሙሌት ሕጉ ነው፤ የቱ ቦታ እንደሚሞላ፣ የቱ ባዶ እንደሚቀር የሚወስነው ሕግ። የተደራረቡ ቅርጾችን ቆጥሮ ክፍተቱን የሚለየው ሕግ (ኢቨን-ኦድ) የሚሠራው ከአንድሮይድ 7.0 ወዲህ ነው። አሮጌ ስልክ ካለ የውስጠኛውን ቅርጽ አቅጣጫ መገልበጥ ያስፈልጋል። የፋይል ስም በአማርኛ አይሁን፤ አንድሮይድ የሚቀበለው ትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የሥር ሰረዝ (_) ብቻ ነው።

የአፑ መክፈቻ አይከን ከ28ቱ ተለይቶ ይሠራል። ከአንድሮይድ 8.0 ጀምሮ ሁለት ንብርብር ነው፣ ጀርባና ፊት፣ ሁለቱም በ1 እጥፍ እፍጋት ሲለኩ 108 በ108። ስልኩ እንደየአምራቹ ክብ ወይም ካሬ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ የሚታየው የመሀሉ 72 ነው፣ በምንም ቅርጽ የማይቆረጠው ደግሞ ዲያሜትሩ 66 የሆነው ክብ። ጀበናሽ ከዚያ ክብ እንዳይወጣ። ለአንድሮይድ 13 ባለ አንድ ቀለም ሦስተኛ ንብርብር ጨምሪ። ለፕሌይ ስቶር 512፣ ለአፕል 1024፣ ጀርባው የማያሳልፍ፤ ማዕዘኑን ራስሽ አታክብቢ፣ እነሱ ያከብቡታል። ለዊንዶውስ 16፣ 24፣ 32፣ 48 እና 256ን በአንድ የአይኮ (.ico) ፋይል ውስጥ አድርጊ።

በስልክ ላይ አይከኑ 24 ቢሆንም የሚነካው ቦታ 48 በ48 ይሁን፣ በአይፎን 44። እርጥብ ወይም አፈር የነካው ጣት ነው የሚነካው።

ፍተሻው ቀላል ነው። 28ቱንም በአንድ ገጽ በ24 ደርድሪ፣ ሁሉንም ግራጫ አድርጊ፣ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ የሚጎላ ወይም የሚጠፋ ካለ እሱን አስተካክዪ። ከዚያ ርካሽ ስልክ ይዘሽ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ውጪ፣ ብርሃኑን ግማሽ አድርጊ፣ ስሙ የሌለበትን አይከን ለአምስት መዝጋቢዎች አሳዪ። «ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂና መጀመሪያ ያሉትን ቃል ጻፊ፤ አታግዢያቸው። ሁለቱ ሌላ ነገር ካሉ ቅርጹ ይለወጥ። ዴስክቶፑን ደግሞ 1366 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ፣ ያለ ምንም ዙም።

በእሸቱ፣ በአልጋውና በሚዛኑ ጀምሪ፣ ሕጉን የሚፈትኑት እነሱ ናቸው። አልጋው ላይ ፍሬዎቹ አልገባ ካሉሽ የ24ቱን ፋይል ሳታሳድጊ እዚሁ ለጥፊው፣ ግሪዱ እንደበራ፤ የቱ ጠርዝ የት እንዳረፈ አብረን እንቆጥራለን።