ሮክ ኤንድ ሮልን የጀመረው ኤልቪስ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት፣ የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከመርካቶ አካባቢ ነው። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰሞኑን ቤት ስናጸዳ ቁም ሳጥን አናት ላይ አንድ ካርቶን ትንንሽ ሸክላ አገኘን፣ መሃላቸው ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው፣ የአማርኛ ዘፈን ይሆናል ብዬ ሳየው የፈረንጅ ነው፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ፣ ሊትል ሪቻርድ፣ ፋትስ ዶሚኖ ይላል። ወንድሜ ሮክ ኤንድ ሮልን የፈጠረው ኤልቪስ ነው፣ ሌሎቹ የሱ ኮፒ ናቸው፣ የኤልቪስን አስቀርተን ሌላውን እንሽጠው እያለ ነው። እውነቱን ነው? ደሞ ሻጋታ ነገር ይዟቸዋል፣ በምን ይጸዳሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ለአባትሽ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ፣ ምንም እንዳትሸጡ!

እኔም እኮ ጅማ ነው ያደግኩት። አጎቴ ፈረንጅ አራዳ ትንሽዬ ቡና ቤት ነበረችው፣ ሸክላዎቹን የሚያመጣለት ደግሞ አስመራ ቃኘው ስቴሽን ከአሜሪካኖቹ ጋር ይሰራ የነበረ ጓደኛው ነው። ሰባት ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጎቴ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፣ ሊትል ሪቻርድ ይጮሃል፣ ከዛ መብራት ድርግም ይልና ሸክላው በራሱ ጉልበት ትንሽ እየዞረ ያ ቀጭን ጩኸት እየወፈረ እየወፈረ ሄዶ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ዝም ይላል። መብራቱ ሲመጣ ከዛው ከቆመበት ተነስቶ ይጮሃል። እኔ ሮክ ኤንድ ሮልን የወደድኩት ያኔ ነው፣ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ኤልቪስ ለገበያ የወጣውን የመጀመሪያ ሸክላውን የቀዳው በፈረንጆቹ ሐምሌ 1954 ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ነው፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር፣ ያስቀዳው ሰውዬ ሳም ፊሊፕስ ይባላል፣ ኩባንያው ሰን ሪከርድስ። ግን እዛ ሸክላ ላይ ያለውን ዘፈን አርተር ክሩደፕ የሚባል ጥቁር ብሉዝ ዘፋኝ ቀድሞ በ1946 ቀድቶታል። ፋትስ ዶሚኖ ደግሞ የመጀመሪያ ሸክላውን የቀዳው በታህሳስ 1949 ነው፣ ቁጥሩን ለወንድምሽ አሳዪው፣ ኤልቪስ ያን ሸክላ ከመቅዳቱ አራት ዓመት ተኩል በፊት ማለት ነው። እንደውም እዛው ሜምፊስ እዛው ሳም ፊሊፕስ ጋ በ1951 የአይክ ተርነር ባንድ ሮኬት 88 የሚባለውን ዘፈን ሲቀዳ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ተጎድቶባቸው ስፒከሩ ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቀው ነው የተጫወቱት፣ ጊታሩ የሚንጫረረው ለዛ ነው፣ ያ የተበላሸ ድምፅ ነው ኋላ ሰው ሁሉ ሆን ብሎ የፈለገው።

ስለዚህ ፈጠረ የሚለው አያስኬድም። ግን ልጄ ኤልቪስም ቢሆን ዝም ብሎ ገልባጭ አይደለም። የሰን ሪከርድሱ መጀመሪያ ሸክላ ላይ ድራም የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ትልቅ ቤዝ እና የሱ የራሱ ጊታር ነው፣ ያ እንደ ድራም የሚመታው ቤዙ ነው፣ ገመዱ እንጨቱን ሲገርፍ። ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው የሚያስተጋባው ደግሞ ሳም ፊሊፕስ በሁለት ቴፕ እያዞረ የሰራው ነው። በ1955 መጨረሻ ውሉን አር ሲ ኤ የሚባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ በ35 ሺህ ዶላር ገዛው፣ ከዛ በኋላ ታዋቂነቱ ሰማይ ነካ፣ ለኔ ግን ያ አየር የሚገባበት ድምፅ አልተመለሰም፣ ይሄ የኔ ስሜት ነው፣ የሚከራከረኝ ብዙ ነው። ያንቺዎቹን አገላብጠሽ እዪ፣ መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ሌብሉ፣ ቢጫ ሆኖ አውራ ዶሮ ካለበት ሰን ነው፣ በጣም ብርቅ ነው፣ ግራሞፎን የሚያዳምጥ ውሻ ካለ የአር ሲ ኤ ነው፣ ከዛ በኋላ የወጣ።

አሁን ልትሸጧቸው ወዳሰባችኋቸው ልሂድ፣ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። ፋትስ ዶሚኖም ሊትል ሪቻርድም የቀዱት ኒው ኦርሊንስ፣ ኮዚሞ ማታሳ የሚባል ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ድራሙን የሚመታውም አንድ ሰው ነው፣ ኧርል ፓልመር። የድሮው የጭፈራ ምት እንደ ፈረስ ሶምሶማ እየተንከባለለ የሚሄድ ነበር፣ ሪቻርድ ግን በቀኝ እጁ ፒያኖውን ሳያቋርጥ እኩል እኩል ስለሚቀጠቅጠው ፓልመር ቀስ በቀስ ያን ትቶ ፒያኖውን ተከትሎ ቀጥ ያለ ምት መምታት ጀመረ። ዛሬ ሮክ ስንል እግራችንን የምናንቀሳቅስበት ምት ይሄ ነው በቃ። የመጀመሪያው ማን ነው ብለሽ አንገቴን ብትይዢኝ የሰው ስም አልጠራም፣ የዛን ፒያኖና የዛን ድራም ግጥሚያ ነው የምለው። ኤልቪስ ራሱ እኮ ቱቲ ፍሩቲን በ1956 ዘፍኖታል፣ ሪቻርድ የቀዳው በ1955 ነው፣ ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና ማን ማንን እንደተከተለ ወንድምሽ ራሱ ይፍረድ።

ቸክ ቤሪ ካርቶኑ ውስጥ ካለ ጻፊልኝ፣ ግጥሙን ራሱ ይጽፋል፣ ጊታሩንም ራሱ ያናግረዋል፣ ኤልቪስ ይሄ አልነበረውም። የኛውን ዓለማየሁ እሸቴንም የኢትዮጵያው ኤልቪስ ይሉት ነበር፣ ፀጉሩና አቋቋሙ አዎ፣ ጩኸቱን ስሰማው ግን እኔ የሚታወሰኝ ሪቻርድ ነው።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ሻጋታው የጅማ እርጥበት ነው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትለሽ ዙሪያውን እየዞርሽ፣ ከዛ ጥላ ውስጥ አድርቂ፣ ፀሐይ ላይ ከተውሽው ይጣመማል። ስታስቀምጫቸው አቁመሽ እንጂ ደራርበሽ አይሁን። ከበድ ያለና ሲወድቅ እንደ ሳህን የሚሰበር ዓይነት ካለበት አልኮል እንዳይነካው፣ ይቀልጣል። የትንንሾቹ ሸክላዎች የማጫወቻ ፍጥነት 45 ላይ ይሁን፣ ለሰፊው ቀዳዳ መሃሉ የምትገባ ክብ ፕላስቲክ አለች፣ አሮጌ ማጫወቻ የሚጠግኑ ልጆች ጋ ጠይቂ። መርፌው ከዘለለብሽ ደግሞ አደራ ሳንቲም አትጫኚበት፣ የአጎቴ ሚስት ክንዱ ላይ አምስት ሳንቲም እየጫነች የፋትስ ዶሚኖውን መስመር አሳረሰችው፣ መጨረሻ ላይ ከዘፈኑ ይልቅ ሹክሹክታው ይበልጥ ነበር።

ሌብሉን ግን ውሃ እንዳይነካው፣ በተለይ አባትሽ በእስክሪብቶ የጻፈበት ነገር ካለ፣ ያኔ ሰው ሸክላው እንዳይጠፋበት ስሙን ይጽፍበት ነበር።