ከግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ በኋላ ምን ልይ ላልከው

ወንድሜ፣ ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስን (ጦርነት ውስጥ ብቻቸውን ስለቀሩ ወንድምና ትንሽ እህቱ ሚያወራውን ፊልም) አይቼ ሶስት ቀን ከውስጤ አልወጣ አለኝ፣ ጦርነት ተራ ሰው ላይ ሚያደርሰውን ሚያሳይ ሌላ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ጠቁሙኝ ላልከው፣ በጣም ነው ምረዳህ፤ እኔን እስካሁን ሆዴን ሚያባባው የትንሿ እህት ከረሜላ ሲያልቅ ወንድሟ ባዶው የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ በጥብጦ ሲያጠጣት ነው።

መጀመሪያ ኢን ዚስ ኮርነር ኦፍ ዘ ወርልድን እይ፣ የ2016 ፊልም ነው። ሱዙ ምትባል ስዕል ምትወድ ልጅ ከሂሮሺማ ኩሬ ወደምትባል የባህር ኃይል ከተማ ታገባለች፣ ከዛ ራሽኑ እየቀነሰ ሲመጣ ከሜዳ ቅጠል ለቅማ ስትቀቅል፣ ሩዙ በዛ እንዲል ቆልታ ውሃ ውስጥ አሳድራ ስታበስል ታያለህ፣ እና ቦምቡ ከመምጣቱ በፊት ቤተሰቡን እንደራስህ ትወደዋለህ፣ ለዛ ነው ሲመጣ ሚከብደው። ለኔ ከሁሉም በላይ እሱ ነው።

ቤርፉት ጄንም (1983) አለ፣ ደራሲው ኬጂ ናካዛዋ ራሱ በ6 አመቱ ከሂሮሺማው አቶሚክ ቦምብ የተረፈ ሰው ነው። ቦምቡ ሚፈነዳበት ትዕይንት ግን በጣም ከባድ ነው፣ ማታ ልትተኛ ስትል እንዳትጀምረው።

ተከታታይ ከፈለክ ቫዮሌት ኤቨርጋርደን፣ 13 ክፍል። እዚህ ጦርነቱ አልቋል፤ ወታደር የነበረች፣ ሁለት እጇን ያጣች ልጅ በብረት እጅ ታይፕ እየመታች ለሰው ደብዳቤ ትጽፋለች፣ እወድሻለሁ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ብላ። 10ኛው ክፍል ላይ አንዲት የታመመች እናት ምታስጽፈው ደብዳቤ አለ፣ ከዚህ በላይ አልነግርህም፣ ከእናትህ ጋር ሆነህ ብታየው ደስ ይለኛል።